ሲያቅፉኝ የማይታወቅ ሽጉጥ

ሌዊስቪል፣ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ታደለች፤

የእግዚአብሔር ሰላም በቤትዎ፣ በጉልበትዎና በጆሮዎ ላይ ይሁን። እንኳን ለአዲሱ ዓመት ለጊፋታ አደረስዎ። ሶዶ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው? እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ።

«በስልክ ድምፅህ እንደ ወንዝ ውሃ ይሆንብኛል» ካሉኝ ወዲህ በወረቀት መጻጻፋችን ለእኔም ደግ ሆነልኝ። እዚህ የፖስታ ሣጥኔን ስከፍት የማገኘው የፒዛ ማስታወቂያና የመብራት ቢል ነው። የእርስዎ እጅ ጽሑፍ ሲመጣ ቤቴ ሰው የገባ ይመስለኛል። የጉልበት ቅባቱን ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጥቼዋለሁ፤ ይደርስዎታል።

ሥራ ደህና ነው። አሁንም በመኪናዬ ሰው አመላልሳለሁ፤ አብዛኛው ከኤርፖርት ነው። አፓርታማዬም ያው ነው፤ ጎረቤቶቼን እስካሁን በስም አላውቃቸውም፤ በመኪናቸው ቀለም ግን እለያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሽጉጥ ሊገዛ እያሰበ ነው። እዚህ ቴክሳስ ብዙ ሰው ልብሱ ሥር ይዞ ይሄዳል፤ ነውር አይደለም። ባለቤትዎ ጋሽ መዝገቡ በሕይወት ሳሉ፣ የፋይናንስ ዘብ ሆነው ኮንትሮባንድ ሲቆጣጠሩ፣ ሽጉጥ ይታጠቁ እንደነበር ከልጅነቴ ትዝ ይለኛል። ከባድ ነበር? ልብስ ሥር ያስታውቃል? ልጁ ትልቁን ይግዛ ትንሹን ጨንቆታል። ለእሱ ብዬ ነው።

አክባሪ ልጅዎ
ማኑሄ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለማኑሄ፤

ሰማይና ምድርን የፈጠረ አምላክ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ዝናቡ ዘንድሮ ዘግይቶ መጣ፣ መጥቶም አልሄድ አለ።

እናትህ የአክስቴ ልጅ ናት ቢባልም ያደግነው በአንድ ቤት ነው፤ እሷ ካለፈች ወዲህ አንተን የማየው እንደ ወለድኩት ልጅ ነው። ደግሞም ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «እኔ ሳልሆን ጓደኛዬ ነው» የሚል ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ! ለማንኛውም ያ አብሮህ የሚሠራ ልጅ ስም ካለው ሰላም በልልኝ።

ለእሱ የሚሆን መልስ ይኸውልህ። የመዝገቡ ሽጉጥ በቀኝ ጎኑ ነበር። ልጆቼ በዚያ በኩል አይጠጉትም ነበር፤ ማንም ከልክሏቸው አይደለም፣ እንዲያው አወቁት። ከሥራ ሲመጣ መጀመሪያ ቀበቶውን ፈትቶ ቁም ሣጥን ላይ ሲያስቀምጥ እንጠብቃለን፤ ከዚያ ነው ሰላም የምንባባለው። የትም ቤት ሲገባ ፊቱን ወደ በር አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ሠርግ ቤትም፣ ለቅሶ ቤትም። ጡረታ ወጥቶ ሽጉጡን ካስረከበ በኋላ እንኳ ቀኝ ክንዱን ከጎኑ አርቆ ነበር የሚሄደው። በመንገድ ከሩቅ የማውቀው በዚያ ነው።

ዋሽቼ ላስፈራራው አልፈልግም። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሽፍቶች ይዘውት፣ ያ ሽጉጥ ነፍሱን አትርፎለታል። ይህንንም ንገረው።

አሁን ደግሞ የእኔን ስማኝ። ሳክሲ የሚባለው አገር ካንተ ሩቅ ነው? የድሮ ጎረቤቴ ብርቅነሽ እዚያ ልጇ ጸጋ ዘንድ ትኖራለች። ጸጋ ነርስ ናት፤ እሷና ባሏ ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይውላሉ። ብርቅነሽ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ናት አሉ፤ ዓይኗም ደክሟል። ሂድና ስለ እኔ አገላብጠህ ሳምልኝ።

ታደለች

*

ሌዊስቪል፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከነሙሉ አክብሮቴ ይድረስዎ። ልጁ እኔ ነኝ። አውቀውብኛል።

ሐምሌ ላይ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ትልቅ ሱቅ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ሳንድዊች እየበላሁ ሁለት ወጣቶች መስኮቴን አንኳኩ። መንገድ የሚጠይቁ መስሎኝ መስታወቱን አወረድኩት። አንደኛው አንገቴ ላይ ሽጉጥ ደቀነ። ስልኬንና ቦርሳዬን ወሰዱ፤ ከመኪናው አውርደውም አስፋልቱ ላይ በደረቴ አስተኙኝ። ከሄዱ በኋላ እንኳ አልተነሣሁም። ተነሥ የሚለኝ ሰው የምጠብቅ ይመስል ዝም ብዬ ተኛሁ። ሰዎች የዕቃ ጋሪያቸውን እየገፉ በአጠገቤ አለፉ።

ፖሊሱ ጥሩ ሰው ነበር፤ ውሃ ሰጠኝ። «የምንደውልልህ ሰው አለ?» ሲለኝ አሰብኩ። እትዬ፣ በጣም አሰብኩ። «አያስፈልግም፣ ደህና ነኝ» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ተሳፋሪ ከኋላዬ ኪሱን በዳበሰ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ስለዚህ ማኪኒ ከተማ ወደሚገኝ አንድ የመሣሪያ ሱቅ ሄድኩ። የተኩስ መለማመጃ አለው፤ ተከራይቶ ሞክሮ መግዛት ይቻላል። ሻጩ ሽማግሌ ነው። መጀመሪያ ስለ ሽጉጥ አላወራም፤ «ቀኑን የምትውለው ተቀምጠህ ነው ቆመህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሾፌር ነኝ ስለው ሦስት አወጣልኝ።

የመጀመሪያው እጄን ሞላኝ፤ ስተኩሰውም ረጋ ያለ ነው። ሸሚዜ ሥር ግን እንደ እባጭ ጉብ አለ። ሁለተኛው መዳፍ የሚያክል፣ ኪስ ውስጥ የሚጠፋ ነው። ለማቀባበል ግን ጣቴ እስኪቆስል መሳብ ነበረብኝ፤ ትንሿ ጣቴ የምትይዘው አጥታ ተንጠለጠለች፤ ርግጫው አንጓዬን አመመኝ፤ ዒላማውንም ሳትኩ። ሻጩ፣ «ትንሹ ለመያዝ ደግ፣ ለመተኮስ ክፉ ነው፤ ትልቁ ደግሞ ግልባጩ ነው። ሰው ሁሉ መሃል ላይ የሆነ ቦታ ይታረቃል» አለኝ። ሦስተኛው ያ መሃለኛው ነው። ስስ ነው፤ ውፍረቱ ሁለት ጣት አይሞላም፤ ሁሉም ጣቶቼ መያዣውን ያገኙታል።

እኔን የጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። የእኛን ሰው ሰላምታ ያውቁታል፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ወገብ አቅፎ ነው። «ሰው ሲያቅፈኝ ይታወቃል?» አልኩት። ሽማግሌው ሳቀና፣ «ማነው እንደዚያ አጥብቆ የሚያቅፍህ?» አለኝ። ለቀልድ ነው።

ሦስተኛውን ገዛሁ። ያለ ፈቃድም መያዝ ይቻላል ቢሉኝም ትምህርቱን ወስጃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ መኪና ውስጥ ልተወው ብዬ ነበር፤ መኪና እየሰበሩ ነው ሲሉ ፈራሁ። ባለፈው ወር አንድ ወንድም ሊያቅፈኝ ሲመጣ ዞር ብዬ እጄን ብቻ ዘረጋሁለት። በሚቀጥለው እሑድ እሱም እጁን ብቻ ዘረጋልኝ። እናም እስካሁን ማንም አላወቀብኝም።

ሳክሲ እሄዳለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልጅዎ ማኑሄ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማኑሄ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ፖስታው አልዘገየም፤ የዘገየሁት እኔ ነኝ። መልሱን ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የሐምሌውን ነገር በኅዳር ነገርከኝ። አስፋልት ላይ ተኝተህ የሚደወልለት ሰው ያጣኸው ጆሮዬ ስለማይሰማ ነው? እኔ ባልሰማም «ታደለች አለች» ማለት ማን ከለከለህ?

ስለ ሽጉጡ፣ ገዝተህ ካበቃህ ወዲያ ምን ልምከርህ። ከወደቁ በኋላ መፈራገጥ ለመላላጥ ነው። ብቻ ጌታ ከሚያስመዝዝ ነገር ይጠብቅህ።

ቅባቱ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሌላ እንዳትልክ። ፎቶህን ላክ። ስትቆም ክንድህን የት እንደምታደርገው ማየት እፈልጋለሁ። ብርቅነሽንም ሳማት ብዬሃለሁ፤ ሦስተኛ ጊዜ አልለምንህም።

ታደለች

*

ሌዊስቪል፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ታደለች፤

እንደምን ከረሙ? በቁጣዎ ውስጥ ፍቅርዎን አይቻለሁና አመሰግናለሁ።

እንዳዘዙኝ ሳክሲ ሄጄ እማማ ብርቅነሽን ስሜልዎታለሁ። ደህና ናቸው። በጣም ደስ አላቸው፤ ስለ እርስዎ ብዙ ተጫወትን። ከጸጋና ከልጆቿም ጋር ተዋወቅን። ሌላ አዲስ ነገር የለም። ተሳፋሪ እየጠበቅሁ ስለምጽፍ ማጠሬን ይቅር ይበሉኝ።

ማኑሄ

*

ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማኑሄ ልጄ፣ ምነው? ምን በድዬህ ነው የደበቅከኝ?

ባለፈው እሑድ ከጸሎት በኋላ የብርቅነሽ እኅት ደህነኛው ጆሮዬ ላይ እየጮኸች ነገረችኝ። ጉባኤው ሁሉ ከእኔ ቀድሞ ሰምቶ ኖሯል። ስኳር በሽታ አለብህ አሉ! ያውም መርፌ የሚሰጥ ማሽን ወገብህ ላይ ተገጥሞልህ! ብርቅነሽ ስታቅፍህ በእጇ ነካችው አሉ። አንተ እንዲህ አሞህ፣ ከእኔ ጋር ግን ስለ ዝናብ እንጫወታለን።

የእናትህ አባት በዚሁ በሽታ ነው እግራቸውን ያጡት፤ ቀልድ አይደለም። ምሳ አትዝለል። ጠባብ ጫማ አታድርግ፤ ትንሽ ቁስል ካየህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለስላሳ መጠጥ የሚባል አፍህ አይድረስ። ማኅበራችን በየረቡዑ ስምህን እየጠራ እየጸለየ ነው። ብርቅነሽማ እዚያም ሆና በጾም ይዛሃለች አሉ፤ በዚህ ዕድሜዋ። ምንም አልጠይቅህም፣ ፎቶም ይቅር፤ ጤናህን ብቻ በየሳምንቱ ጻፍልኝ።

እናትህ ብትኖር ምን ትለኝ ነበር?

ታደለች

ይህን ጽፌ ፖስታውን ልለጥፍ ስል አንድ ነገር መጣብኝ። ማሽኑ በየትኛው ጎንህ ነው?

*

ሌዊስቪል፣ ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፤

በቀኝ ጎኔ ነው።

ስኳር የለብኝም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል፤ የምጽፈው ጠፍቶኝ ጠረጴዛዬ ላይ ሳየው ከረምኩ። የሆነውን እንደሆነው ልንገርዎ።

የዚያን ቀን ስደርስ እማማ ብርቅነሽ ብቻቸውን ነበሩ። እንደምመጣ ስለሰሙ በሩ ላይ ቆመው ነው የጠበቁኝ። «የታደለች ልጅ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጎኔን ልሰጣቸው ሞከርኩ፤ ዓይናቸው ስለማያይ ዞር ማለቴን አላወቁም፤ ወገቤን ጥምጥም አድርገው ያዙኝ። እጃቸው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ።

አንድ ቀን ያሳፈርኩት ሰው የስኳር ማሽን ቀበቶው ላይ ነበረው። ምላሴ ላይ የመጣው እሱ ነው። «የስኳር ነው እማማ። መርፌ የሚሰጠኝ ነው» አልኳቸው።

ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሡም። በሸሚዜ ላይ ሽጉጡን ቀስ ብለው እያሻሹ፣ «ይሄን ተሸክመህ ነው ብቻህን የምትኖረው?» አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ያኔ ልናገር ይገባኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ኮል ያደርጉልኛል። «በላህ? ምን በላህ?» ይላሉ። ያለ ስኳር ዳቦ ጋግረው ይጠብቁኛል። ለሁለት ዓመት ስልኬ ላይ የሚደውለው መኪና የፈለገ ሰው ብቻ ነበር፤ አሁን ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ተሳፋሪ አልቀበልም፣ ፓርክ አድርጌ ስልኩን እጄ ላይ ይዤ እጠብቃለሁ። ልነግራቸው እነሣና፣ ነገ የሚደውልልኝ የለም እላለሁ።

ክፉው ነገር ደግሞ ይኸውና። ቤታቸው ስሄድ አሁንም እይዘዋለሁ። አንድ ቀን የጸጋ ትንሿ ልጅ፣ ሊድያ፣ ጉልበቴ ላይ ልትወጣ ስትመጣ ብድግ ብዬ ቆምኩ። «አሞኛል» አልኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ በጥፋተኛ ዓይን አየችኝ።

እባክዎ እትዬ፣ ለማንም አይንገሩብኝ።

ማኑሄ

*

ወላይታ ሶዶ፣ ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማኑሄ፤

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል። ያንተ ስንቅ ሊያልቅ ነው።

እኔ አልነግርብህም፤ ካንተ አፍ ትስማው። ሽጉጡንም ጣል አልልህም፤ መዝገቡን አትርፎታል ብዬ በእጄ ጽፌልሃለሁና አልክደውም። ግን አንዲት አሮጊት በሌለ በሽታ ትጾማለች፤ አንዲት ሕፃን ባላጠፋችው ጥፋት አፏን ትይዛለች። ይህን ተሸክመህ አንዲትም እሑድ አትደር።

ለእኔ የምትጽፍልኝ ከነገርካት በኋላ ይሁን።

ታደለች

*

ሌዊስቪል፣ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ታደለች፤

አዲሱ ዓመት ጤናና ደስታ ይዞ ይግባልዎ። ዝምታዬ የረዘመው ባለመናገሬ አይደለም። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቅዳሜ ሽጉጡን ቤቴ ቆልፌበት ሳክሲ ሄድኩ፤ ነገሩ ምን ላይ እንደሚያርፍ ሳላውቅ ግን መጻፍ አቃተኝ።

ጸጋም ነበረች። ልጆቹ ጓሮ ነበሩ። ቁጭ እንኳ ሳልል ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሱቁን፣ አስፋልቱን፣ የእማማን እጅ። ጸጋ ከወንበሯ ተነሣች።

«ልጆቼ ባሉበት ቤት? እየያዝክ ነው የምትመጣው የነበረው?»

«አዎ።»

እማማ ብርቅነሽ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና፣ «ማለት ስኳር የለብህም?» አሉኝ።

«የለብኝም እማማ።»

«ፈጽሞ?»

«ፈጽሞ የለብኝም።»

እትዬ፣ እልል አሉ! ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ የቤቱ መስታወት እስኪያስተጋባ እልል አሉ። ጸጋ፣ «እማዬ፣ ሰምተሽዋል? የዳሰስሽው ሽጉጥ ነው!» ስትላቸው፣ «ሰምቻለሁ፤ ልጁ ግን ጤነኛ ነው» አሏት።

ጸጋ እስከ በር ሸኘችኝ። አልጮኸችም። «ሆስፒታል በሽጉጥ የተመታ ልጅ ሲመጣ ልብሱን የምቀደው እኔ ነኝ» አለች። «እናቴ ይቅር ብላህ ይሆናል። እኔ ግን እዚህ ቤት እንድትመጣ አልፈልግም።» ልክ ናት።

ከዚያ በኋላ ስልኩ ቆመ። ምሳ ሰዓት ላይ ፓርክ አደርጋለሁ፤ አይደወልም። ጸጋ እንዳይደውሉ ከልክላቸው ይሁን፣ ወይም እሳቸውም ቆይቶ ተሰምቷቸው ይሁን አላወቅሁም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ። ሽጉጡ ጎኔ ላይ ነበር፤ ማንም አልነካኝም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጸጋ ደወለች። «ማኑሄ፣ እማዬ ምሳ አልበላም ብላኛለች። 'ያ ልጅ ዛሬ የት ይበላል' ትላለች በየቀኑ። ልታሸንፈኝ ነው» አለች። ቀጥላም፣ «ቅዳሜ ና። ሳትይዝ። ቃልህን ስጠኝ» አለችኝ። ሰጠኋት።

ሄድኩ። ጸጋ በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ወገቤን ነው፤ ከዚያ ፊቴን። «ግባ» አለችኝ። እማማ ከሶፋው ተነሥተው በድምፄ ወደ እኔ መጡ። ዞር አላልኩም እትዬ። ሁለቱንም እጄን ዘርግቼ ገባሁላቸው። ምን ያህል ጊዜ እንደዚያ እንደቆምን አላውቅም፤ ጸጋ ወጡ እንዳያርርባት ወደ ኩሽና ሄደች።

ልዋሽዎ አልፈልግም፤ አልሸጥኩትም። ሥራ ስወጣ አሁንም ይዤው እወጣለሁ፤ ፍርሃቱ ገና አልለቀቀኝም። እሑድና ቅዳሜ ግን ተቆልፎበት ይውላል። የዚያን ቅዳሜ ባዶ ጎኔን ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። ቀይ መብራት ላይ አንድ ሰው ወደ መኪናዬ ሲጠጋ በሮቹን ሁሉ ቆለፍኩ። ሰውየው አበባ ነበር የሚሸጠው።

አፓርታማዬ ደርሼ ፓርክ አድርጌ፣ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ስልኬ ጠራ። ምሳ ሰዓት አልነበረም።

«ገባህ?» አሉኝ እማማ።

«ገባሁ» አልኳቸው።

«እሺ በቃ፤ መግባትህን ላውቅ ብዬ ነው» ብለው ዘጉት።

የእርስዎንም መግቢያ እንደዚሁ አምላክ ይጠብቅልኝ።

ልጅዎ
ማኑሄ